ሕመሙን ቆርጦ ትውስታን መተው ይቻላልን?
የሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና በማስታወስ ችሎታ ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ

በጥርባም ሆነ በእንጅባራ፣ በዳንግላም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል አንድ ሰው በገበያ መካከል በድንገት ወድቆ ቢንፈራገጥ በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሚያደርጉት የታወቀ ነው፡፡ አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ያሸትተዋል፤ ሌላው ቁልፍ ወይም ሌላ ብረት በእጁ ያስጨብጠዋል፤ የቀረው ራቅ ብሎ ያማትባል፡፡ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ መንፈራገጡ ይቆማል፤ ምስጋናውም ለክብሪቱ ይሆናል፡፡ እውነቱ ግን ይህ ዓይነቱ መንዘፍዘፍ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚያበቃ መሆኑ ነው፡፡ ክብሪቱ ባይጫርም ያበቃ ነበር፡፡ (ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው፤ ይህን አንባቢ ልብ ይሏል፡፡)

በሽታው ብርቅ አይደለም፡፡ ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ከአንድ ሺህ ሰው መካከል 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አረጋግጠዋል፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡) ከእነዚህ ሕሙማን መካከል በዚያን ጊዜ ተገቢውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ ከዚያ ወዲህ በጎንደርና በጅማ ዙሪያ በሚገኙ የገጠር ጤና ጣቢያዎች በሠለጠኑ ነርሶች የሚመራ ክትትል ተጀምሮ፣ ከ1912 ጀምሮ የሚታወቀው ርካሹ ፌኖባርቢታል እንኳ የብዙ ሰዎችን ኑሮ ሊለውጥ እንደሚችል ታይቷል፡፡

ይሁንና መድኃኒት ሁሉንም አያድንም፡፡ በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ 525 ሕሙማንን ተከታትሎ በ2000 የታተመ ጥናት በመድኃኒት መውደቃቸው ሙሉ በሙሉ የቆመላቸው 63 በመቶ ያህሉ እንደሆኑ ገልጿል፡፡ ከሦስቱ አንዱ የሚያህለው በሁለትና በሦስት ዓይነት መድኃኒትም አይሻለውም ማለት ነው፡፡ ለእነዚህ ሰዎች የሕክምና ሳይንስ የሚያቀርበው አንድ ከባድ አማራጭ አለ፡፡ ሕመሙ የሚነሣበትን የአንጎል ክፍል ፈልጎ ማግኘትና ቆርጦ ማውጣት!

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል፡፡ በመድኃኒት አልበገር የሚለው የሚጥል በሽታ በአዋቂዎች ላይ አዘውትሮ የሚነሣው ከጆሮ በላይ ባለው ቴምፖራል ሎብ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ነው፡፡ ያው ክፍል ደግሞ አዲስ ትውስታ የሚቀረጽበት ቦታ ነው፡፡ በውስጡ ከትንሽ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ የተጠማዘዘ አካል ይገኛል፡፡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቦሎኛው የአካል ተመራማሪ አራንትሲዮ ቅርጹ የባሕር ፈረስ ስለመሰለው በግሪክኛ ሂፖካምፐስ ብሎ ሰይሞታል፡፡ እንግዲህ በፈረሰኞቹ በአዊ ምድር ላደገ ሰው ይህን ስም መያዝ አይከብደውም፤ እያንዳንዳችን በግራና በቀኝ አንድ አንድ ፈረስ በጭንቅላታችን ውስጥ አለን፡፡

ሁለቱም ፈረሶች የወጡለት ሰው

ሂፖካምፐስ ለትውስታ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ዓለም የተማረው ከአንድ ሰው መከራ ነው፡፡ ሄንሪ ሞሌይሰን በ1926 በአሜሪካ ኮኔክቲከት ግዛት የተወለደ ሲሆን ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ቀለል ያለ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ደግሞ ከባድ መንዘፍዘፍ ይይዘው ነበር፡፡ በ27 ዓመቱ ሥራ መሥራት እስኪሳነው ደረሰ፡፡ ዶክተር ዊልያም ስኮቪል እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1953 በሃርትፎርድ ከተማ የራስ ቅሉን ከፍተው የሁለቱንም ጎን ሂፖካምፐስ አብዛኛውን ክፍል ከአካባቢው ሥጋ ጋር አወጡ፡፡

ሕመሙ በእርግጥ ቀነሰለት፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም፡፡ የማሰብ ችሎታው አልተነካም፤ እንዲያውም የፈተና ውጤቱ ከ104 ወደ 112 ከፍ ብሎ ተገኘ፡፡ የልጅነቱን ነገር ያስታውሳል፤ ቋንቋው አልተዛባም፤ ጨዋታ ያውቃል፡፡ ነገር ግን ከዚያች ቀን ወዲህ የተፈጸመው ነገር ሁሉ ከአእምሮው ይፈስሳል፡፡ ያነበበውን መጽሔት እንደ አዲስ ደግሞ ያነብባል፡፡ ለዓመታት ያጠኑትን ተመራማሪዎች በየቀኑ እንደ እንግዳ ይቀበላቸው ነበር፡፡

ለዚህ ሁኔታ ትርጉም የሰጡት በካናዳ ሞንትሪያል ይሠሩ የነበሩት ብሬንዳ ሚልነር ናቸው፡፡ ከስኮቪል ጋር በ1957 ያሳተሙት ጽሑፍ በአንጎል ጥናት ታሪክ ውስጥ እጅግ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፡፡ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ የፊዚክስ መምህርን በተለይ ይማርካል፡፡ ለሄንሪ 584 የሚል ቁጥር እንዲይዝ ተነገረው፡፡ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲጠይቁት ቁጥሩን በትክክል መለሰ፡፡ እንዴት እንደያዘው ሲጠየቅ የአሃዞቹን ድምር 17 አድርጎ፣ 8ን ቀንሶ፣ የቀረውን 9 ለ5ና ለ4 ከፍሎ፣ ይህን ስሌት ያለማቋረጥ በአእምሮው ሲያመላልስ እንደቆየ አስረዳ፡፡ ጥቂት ቆይተው ሌላ ነገር ካነጋገሩት በኋላ ግን ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቁጥር ተሰጥቶት እንደነበረም አያውቅም ነበር፡፡ ሐሳብን ለጊዜው በእጅ መያዝና ወደ ጎተራ ማስገባት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ያስቸግራል፡፡

ሌላው ሙከራ ይበልጥ የሚያስገርም ነው፡፡ ሚልነር በመስተዋት ውስጥ ብቻ እየተመለከተ የኮከብ ቅርጽን በእርሳስ እንዲከተል አደረጉት፡፡ በመስተዋት ሁሉ ነገር ስለሚገለበጥ ማንም ሰው መጀመሪያ ላይ ይስታል፡፡ ሄንሪ ለሦስት ቀናት ተለማምዶ ስሕተቱ እየቀነሰ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ጎበዝ ሆነ፡፡ ሆኖም በየማለዳው ይህን ሥራ ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደማያውቅ ይናገር ነበር፡፡ የእጅ ትውስታና የታሪክ ትውስታ የሚቀመጡት በተለያየ ቦታ ነው ማለት ነው፡፡ በእንጅባራ በየዓመቱ በጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ላይ ከሚጋልቡት ሰዎች መካከል ኮርቻ ላይ መቀመጥን መቼና ከማን እንደተማረ የማያስታውስ ሞልቷል፤ እግሩና ጀርባው ግን አይረሱም፡፡ ሂፖካምፐስ ቢወጣለትም ግልቢያውን አይረሳም ብሎ መገመት ይቻላል፤ ትናንት የጋለበው ግን ከማን ጋር እንደሆነ አይነግራችሁም፡፡

ስኮቪል ሁለቱንም ጎን ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ራሳቸው በይፋ አሳውቀው ሌሎች ሐኪሞች እንዳይደግሙት አስጠንቅቀዋል፡፡ ሄንሪ በ2008 በ82 ዓመቱ አረፈ፡፡ አንጎሉ በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ በ53 ሰዓት ውስጥ 2,401 ስስ ቅጠል ሆኖ ተሰነጠቀ፡፡ ከዚያ አስቀድሞ በ1997 የታተመ የኤምአርአይ ምስል ስኮቪል ወደ ውስጥ 8 ሴንቲሜትር ያህል እንደቆረጡ የገመቱት በእውነቱ ከ5 ሴንቲሜትር ብዙም እንዳልበለጠ አሳይቷል፡፡ ዓይንና እጅ በአንጎል ውስጥ ያን ያህል ሊስቱ ይችላሉ፡፡

አንዱ ቢበቃስ?

ዛሬ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በአንድ ወገን ብቻ ነው፡፡ አሳቡም ቀላል ነው፤ ኩላሊት ለወንድሙ የሰጠ ሰው በቀረው ኩላሊት እንደሚኖር ሁሉ፣ በቀረው ሂፖካምፐስ ማስታወስ ይቻላል፡፡ ይሁን እንጂ በሞንትሪያል በዊልደር ፔንፊልድ እጅ በግራ በኩል ብቻ ከተሠራላቸው ሕሙማን መካከል ሁለቱ ልክ እንደ ሄንሪ ዓይነት ከባድ የመርሳት ችግር ደረሰባቸው፡፡ ፔንፊልድና ሚልነር ያልተነካው የቀኝ ወገን አስቀድሞ የታመመ መሆን አለበት ሲሉ ገመቱ፡፡ ከሁለቱ አንዱ፣ መሐንዲስ የነበረው፣ ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር የቀኙ ሂፖካምፐስ በእርግጥም ከረጅም ጊዜ በፊት ጠውልጎ ተገኘ፡፡ ሐኪሙ ያወጣው የሚሠራውን ነበር፤ የተወው የደረቀውን፡፡

እንዲህ ዓይነቱን አደጋ አስቀድሞ ለማወቅ የተዘየደው ፈተና በጃፓናዊው ጁን ዋዳ ስም ይጠራል፡፡ ወደ አንጎል በሚሄደው የአንገት ደም ቅዳ ማደንዘዣ ሲገባ የአንጎሉ አንድ ግማሽ ለጥቂት ደቂቃዎች ያንቀላፋል፡፡ የተቃራኒው ወገን ክንድ ይዝላል፡፡ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ለሕመምተኛው ዕቃዎችና ሥዕሎች ይታዩታል፤ ማደንዘዣው ሲለቀው ምን እንዳየ ይጠየቃል፡፡ ካስታወሰ ነቅቶ የነበረው ወገን ለብቻው ትውስታን መሸከም ይችላል፤ ካላስታወሰ ቀዶ ሕክምናው ሌላ አሳብ ይጠይቃል፡፡ ይህ ከባድ ፈተና ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች በከፊል በማግኔት ምስል ተተክቷል፡፡

ፊዚክስ የሚገባበት ቦታ

የሙያ ባልደረቦቼ በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ምን ትሠራለህ ቢሉኝ መልሴ ይህ ነው፡፡ ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ማለትም «ምንጩ የት ነው?» የሚለው፣ የፊዚክስ ጥያቄ ነው፡፡

ጀርመናዊው ሐንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው በ1924 ነበር፡፡ በራስ ቆዳ ላይ የሚለካው ቮልቴጅ 50 ማይክሮቮልት ያህል ነው፡፡ በእጅ ባትሪ ውስጥ የምትገባው የ1.5 ቮልት ድንጋይ ከዚህ 30,000 ጊዜ ትበልጣለች፡፡ ትንሽነቱ ግን ዋናው ችግር አይደለም፤ በማጉያ ይጎላል፡፡ ዋናው ችግር ሄልምሆልትዝ በ1853 ያሳየው ነው፡፡ በአንድ የኤሌክትሪክ አስተላላፊ አካል ውስጥ ያሉ እጅግ ብዙ የተለያዩ የጅረት አቀማመጦች በገጽታው ላይ ፍጹም አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ሊሰጡ ይችላሉ፡፡ ስለዚህ ከውጭ ለክቶ የውስጡን ምንጭ በአንድ ትርጉም ብቻ መፍታት በሒሳብ አይቻልም፡፡ ከአጥር ውጭ ቆሞ በሠርግ ዳስ ውስጥ ከበሮው የት ጥግ እንደሚመታ በጆሮ ብቻ እንደመገመት ነው፤ የራስ ቅል አጥንት ደግሞ ድምፁን የሚያደበዝዝ ወፍራም ግድግዳ ነው፡፡

ስለዚህ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል፡፡ ኤምአርአይ በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያሉትን የሃይድሮጂን ፕሮቶኖች ይጠይቃል፡፡ በ1.5 ቴስላ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ፕሮቶን በሴኮንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይሾራል፤ ይህ 64 ሜጋኸርዝ የኤፍኤም ራዲዮ ከሚጀምርበት ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኝ ድግግሞሽ ነው፡፡ የታመመ ሂፖካምፐስ በምስሉ ላይ ጠውልጎና ተሸብሽቦ፣ በአንዳንዱ የምስል ዓይነት ደግሞ ከጤነኛው በላይ ነጥቶ ይታያል፡፡ ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 ያስተዋወቁት ስልት ደግሞ ኦክስጅን የለቀቀ ደም በማግኔት ፊት ከተሸከመው ደም የተለየ ጠባይ ስላለው፣ አንድ ሰው ቃል ሲያስብ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ ያሳያል፡፡ ይህም ሁሉ ካልበቃ በሚሊሜትሮች ስፋት ባለው ቀዳዳ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ወደ ውስጥ ይገባሉ፡፡ ከአጥር ውጭ ከመገመት ዳሱ ውስጥ ገብቶ ማዳመጥ ይሻላል፡፡

የሚጠፋውና የሚተርፈው

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፡፡ ውጤቱ ምን ይመስላል? በካናዳ 80 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በ2001 የታተመው ጥናት ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት ግን 8 በመቶ ብቻ ከአንድ ዓመት በኋላ ንቃትን ከሚነሣው ሕመም ነጻ መሆናቸውን አሳይቷል፡፡ ልዩነቱ ለክርክር የሚመች አይደለም፡፡

ዋጋው ደግሞ ይኸው፡፡ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2011 የታተመ ግምገማ እንዳመለከተው በግራ ቴምፖራል ሎብ ላይ ከተሠራላቸው 44 በመቶ፣ በቀኝ ላይ ከተሠራላቸው 20 በመቶ ያህሉ የቃል ትውስታቸው ቀንሷል፡፡ የቃል ትውስታ ሲባል የሰሙትን ታሪክ፣ የተነገሩትን የስም ዝርዝር፣ ያነበቡትን አንቀጽ ይዞ የመቆየት ችሎታ ነው፡፡ በግራው ወገን ከተሠራላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ያህል የሚያውቀውን ነገር ስም አፉ ላይ እያለ ማውጣት ያቅተዋል፡፡ የግራው ወገን የሚለየው በአብዛኛው ሰው ቋንቋ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው፡፡

በዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው የሚገርመው አንድ ነገር አለ፡፡ ብዙ የሚያጣው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጥሩ ትውስታ የነበረው ነው፤ ሂፖካምፐሱ አስቀድሞ የጠወለገበት ሰው ግን ብዙም አያጣም፡፡ በትይዩ ከተያያዙ አምፖሎች መካከል የተቃጠለውን ብትነቅሉት የክፍሉ ብርሃን አይቀንስም፤ የሚበራውን ብትነቅሉ ግን ወዲያው ይታወቃል፡፡ ለዚህ ነው ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረገው የትውስታ ፈተና ምስሉን ያህል ክብደት የሚሰጠው፡፡

ይህ 44 በመቶ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም፡፡ በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት በቃሉ ያወጣ፣ ቅኔ የሚቆጥርና ሀብቱ ሁሉ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ተማሪ አለ እንበል፡፡ በሌላ ወገን ሕመሙ በተነሣበት ጊዜ ሁለት ጊዜ ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለ፣ ወንዝ ለመሻገር ሰው የሚያስፈልገው ገበሬ አለ፡፡ ለሁለቱ የሚነገረው ቁጥር አንድ ቢሆንም የሚመዝኑት ነገር ይለያያል፡፡ እኔ ለሁለተኛው ሰው ያለማመንታት ቀዶ ሕክምናውን እመክራለሁ፤ ለመጀመሪያው ግን የቀኝ ወገን ነው ወይስ የግራ፣ ፈረሱ ጠውልጓል ወይስ አልጠወለገም የሚለውን ሳልሰማ አፌን አልከፍትም፡፡

ቀዶ ሕክምናን መተው ትውስታን ማዳን የሚመስለው ግን ተሳስቷል፡፡ ሕመሙ ራሱ ትውስታን ይበላል፡፡ በጀርመን ቦን ከተማ በክሪስቶፍ ሄልምሽቴተር መሪነት ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትሎ በ2003 የታተመ ጥናት መውደቃቸው ያልቆመላቸው ሰዎች ቢሠራላቸውም ባይሠራላቸውም ትውስታቸው እየመነመነ እንደሄደ፣ ሙሉ በሙሉ የዳኑት ግን ቀስ በቀስ ሊያገግሙ እንደቻሉ አሳይቷል፡፡ ከሁሉም የከፋው ዕጣ የደረሰው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሕመሙ ያልተወው ሰው ነው፤ ትውስታውንም ጤናውንም ያጣል፡፡ ፌኖባርቢታልን የመሳሰሉ መድኃኒቶችም አእምሮን የማዝገም ጠባይ አላቸው፡፡ እንግዲህ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ጉዳትና ጉዳት አልባነት ሳይሆን አንዱ ጉዳት ከሌላው ጉዳት ጋር ነው፡፡

የጉዳቱን ስፋት ለማጥበብ ከሚሞከሩት ስልቶች መካከል የሌዘር ሕክምና ይጠቀሳል፡፡ የራስ ቅሉ ሳይከፈት በትንሽ ቀዳዳ የብርሃን ክር ይገባና የታመመውን ሥጋ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያሞቀዋል፡፡ ሙቀቱ የት እንደደረሰ የሚታወቀው ግን በምን ቴርሞሜትር ነው? በፕሮቶኑ! ውኃ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የፕሮቶኑ ድግግሞሽ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ዝቅ ይላል፤ በ64 ሜጋኸርዝ ላይ ይህ 0.64 ኸርዝ ነው፡፡ ከ64 ሚሊዮን ውስጥ ከአንድ ያነሰ ንዝረት ቆጥሮ አንጎል ውስጥ ያለውን ሙቀት ማንበብ፣ በአስተያየቴ፣ የዘመናችን ልኬት ከደረሰባቸው ማማዎች አንዱ ነው፡፡ ከሕመሙ ነጻ የሚሆኑት ሰዎች ብዛት ከክፍት ቀዶ ሕክምናው በመጠኑ ያነሰ ነው፤ የነገሮችን ስም የማውጣት ችሎታ ግን በተሻለ ሁኔታ ይተርፋል፡፡ የሚሠራ የግራ ሂፖካምፐስ በሌዘርም ቢቃጠል ግን ያው ተቃጥሏል፤ የቃል ትውስታ አደጋ ሙሉ በሙሉ አልተወገደም፡፡

በአገራችን የነርቭ ሕክምናም ሆነ የነርቭ ቀዶ ሕክምና የስፔሻሊስት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 ነው፡፡ ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ ውጭ አገር ሠልጥነው የሚመለሱ ጥቂቶች ነበሩ፡፡ ባለሙያዎቹ በበዙ ቁጥር ከጥርባ የተነሣ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ከሐኪም ፊት ተቀምጦ የሚመልስበት ቀን ይመጣል፡፡ ያ ቤተሰብ በቅድሚያ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፡፡ ከቴምፖራል ሎብ የሚነሣው ሕመም ሁልጊዜ አይጥልም፡፡ ከሆድ ወደ ላይ የሚወጣ እንግዳ ስሜት፣ «ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ» የሚል ድንገተኛ ስሜት፣ ፈዝዞ መቅረትና ከንፈርን ማላመጥ ሊሆን ይችላል፡፡ ልጁ ክፍል ውስጥ ሲፈዝዝ መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፡፡

ሌላው ነገር ቋንቋ ነው፡፡ የቃል ትውስታ የሚለካው ለሕመምተኛው የቃላት ዝርዝር ደጋግሞ በማንበብና ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ስንቱን እንደያዘ በመጠየቅ ነው፡፡ ቤቱ አውኚኛ የሚነገርበትን የአዊ ልጅ በአማርኛ ዝርዝር፣ ይባስ ብሎም ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ ዝርዝር ብንፈትነው ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ ሐኪሙም ሂፖካምፐሱ አስቀድሞ የደከመ መስሎት የሚሠራውን ሊያወጣበት ይችላል፡፡ የመሐንዲሱ ታሪክ በሌላ መንገድ ተደገመ ማለት ነው፡፡ ትክክለኛው ዝርዝር በራሱ ቋንቋ የተዘጋጀ፣ ቃላቱ በርዝመትና በተለመደነት የተመጣጠኑ፣ በዕድሜና በትምህርት ደረጃ በተለያዩ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ አስቀድሞ የተሞከረ መሆን አለበት፡፡ ለዚህ ሥራ ፈሳሽ ሂሊየምም ሆነ ባለ 1.5 ቴስላ ማግኔት አያስፈልግም፡፡ የቋንቋ፣ የሥነ ልቦናና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች፣ ወረቀትና እርሳስ፣ እንዲሁም ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባሉት መንደሮች ቁጭ ብለው ለመጠየቅ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት መቶ ሰዎች ይበቃሉ፡፡